በአሥራ ሁለተኛው ካርድ ላይ ያለው ፊርማ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ያስረከብኩት ዕቃ በአንድ ገጽ ቅጽ ላይ አለቀ። ሁለት ማህተም፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ መቀስ፣ እግሩ የሚወዛወዝ ወንበር፣ የመስኮት ቁጥር ሦስት ቁልፍ። ተረካቢዋ ወንበሩን ሁለቴ ወዝውዛ አየችውና እያመነታች ፈረመች። እኔም ፈረምኩ። በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ እንደፈረምኩ ፈጣሪ ይወቀው፤ ሰው ቆሞ የሚያየው ግን አንዱን ብቻ ነው። እሱም በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ አዳራሽ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። እንዴት እንደፈረምኩት ሳልናገር ስለ ሥራዬ ባወራ ግማሽ ውሸት ይሆንብኛል።

ሮማን እባላለሁ። አባቴ ባቡር ላይ ይሠራ ስለነበር ያደግነው የባቡሩን ፊሽካ እንደ ሰዓት እየሰማን ነው። በሃያ ሦስት ዓመቴ ፖስታ ቤት ስቀጠር የደብዳቤ ከረጢቱም የሚመጣው በዚያው ባቡር ነበር። ደመወዙ ስገባም ትንሽ ነበር፣ ስወጣም ትንሽ ነው፤ እሱን በዚሁ እንለፈው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ደብዳቤ መለያ ክፍል ነው። የድሬዳዋን ሙቀት የሚያውቅ ይፍረደኝ፣ በዚያ ክፍል ቬንትሌተር አይከፈትም። ከተከፈተ የአንዱ ሰው ደብዳቤ ተነስቶ ሌላው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ላባችን ወረቀት ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባራችንን በፎጣ አስረን ነበር የምንሠራው። ሥራውን ያስተማሩኝ አው ዩስፍ ናቸው። «አው» ሐረሪዎች ትልቅ ሰው የሚያከብሩበት ስም ነው፤ እኛ ግን ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሶማሌውም ኦሮሞውም እንደዚያው ነበር የምንጠራቸው። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም አይገዛንም፤ ሽማግሌውን «አንተ» ብለነው እናልፋለን፣ እሱም አይከፋውም። ለአው ዩስፍ ግን አፋችን እሺ አይልም ነበር።

አው ዩስፍ ከረጢት ከመፍታታቸው በፊት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። ውሃ በጠፋበት ቀን እንኳ ከቤታቸው በጠርሙስ ይዘው ይመጣሉ እንጂ ባልታጠበ እጅ የሰው ደብዳቤ አይነኩም። ሐሙስ ሐሙስ ማህተሞቹን በጥርስ ብሩሽና በነጭ ጋዝ ያጸዳሉ። ማህተም ሲመቱ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ አንዴ ይመታሉ፣ አይደግሙም። የእኔ ማህተም ከተድበሰበሰ ቀኑን ሙሉ አያናግሩኝም። «ጽሑፍ ላይ ማህተም መምታት ሰው እያወራ አፉን መያዝ ነው፤ ባዶ ቦታ ፈልጊ» ይሉኝ ነበር። እኔም ባዶ ቦታ መፈለግ ለመድኩ። እጄ ዓይኔን ሳይጠብቅ ባዶውን ቦታ ያገኝ ጀመር።

ከሁሉም የሚገርመኝ የፖስትካርድ አያያዛቸው ነው። ፖስትካርድ እርቃኑን የሚሄድ ደብዳቤ ነው፤ ያላነበበው የለም። አው ዩስፍ ግን ሥዕሉን ወደ ታች ገልብጠው፣ መልእክቱን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ አድራሻውን ብቻ ነበር የሚያዩት። አንድ ቀን ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ጠየቅኋቸው። «ደብዳቤ ባለቤት አለው» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልጨመሩም፣ እኔም ጨዋነታቸው ነው ብዬ ተውኩት።

አምስት ኃላፊዎች አሳልፌያለሁ። አንዱ ስብሰባ ይወድ ነበር፣ አንዱ እስክሪብቶ ይቆጥር ነበር፤ አንዷ ደግሞ ሳታኮርፍና ሳትቆጣ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘች ነበረች፣ እሷን ቶሎ አዛወሩብን። እኔም ሁለት ዓመት ወደ አንድ ደጋ ከተማ ተዛውሬ ብርዱንና የፍርድ ቤት መጥሪያ ማደሉን ቀምሼ ተመልሻለሁ። ስመለስ ባቡሩ ቆሟል፣ አው ዩስፍ ጡረታ ወጥተዋል፣ ሰው ሁሉ ስልክ ይዟል። መስኮት ቁጥር ሦስት ተሰጠኝ፤ ቴምብር መሸጥና የአደራ ደብዳቤ መቀበል፣ ማስረከብ። ደብዳቤው ስላነሰ የደንበኞቹን የፖስታ ሳጥኖችም ደርቤ እሞላ ነበር። አው ዩስፍ ዓይናቸው በሞራ እየተጋረደ ቢሄድም ጠዋት ጠዋት ይመጡና ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ይቀመጣሉ።

ኦሞድን ያወቅሁት በዚህ መስኮት ነው። ጋምቤላ የተወለደ፣ ረጅም፣ እጅግ ጥቁር ሰው ነው፤ ያኔ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የጥንቃቄ ምልክት ለመሳል መጥቶ ድሬ በዚያው አስቀረችው። ሳቢያን ሰፈር ትንሽ ቤት ተከራይቶ የሱቅ ማስታወቂያና የባጃጅ ጀርባ ይጽፋል። የመጀመሪያው ቀን መስኮቴ ላይ ሲቆም ጉሮሮዬን ጠርጌ «ሜይ አይ ሄልፕ ዩ?» አልኩት። በጥሞና ሰማኝና ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ቴምብር እንዳለኝ እንደ ማንኛውም የድሬ ልጅ «አቦ» ብሎ ጠየቀኝ። ሸጥኩለት፣ ሄደ።

በሳምንቱ የደጃፉን ሳጥን ስከፍት «ለመስኮት ቁጥር ሦስት» የሚል ካርድ አገኘሁ። መነጽሬ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ደርሶ፣ አፌን በእንግሊዝኛ ከፍቼ ተስያለሁ። ከሥሩ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ እንዲህ ይላል፦ «የምስክር ወረቀት። ይህ ሰው አማርኛ መናገሩ በዚህ መስኮት ተደርሶበታል። ኦሮምኛና ጥቂት ሶማሊኛም እንዲሁ። ለሌሎች መስኮቶች ይነገር።» ክብ ማህተምም አለው። ያን ሁሉ ዘመን የሰው ደብዳቤ ስለይ ኖሬ ለእኔ የተላከ የመጀመሪያው ካርድ ያ ነበር። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ አፈርኩ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። በማግስቱ ሲመጣ ካርዱን መስኮቱ ላይ ለጥፌ ጠበቅሁት። ከዚያ በኋላ «እትዬ ሮማን» ማለት ጀመረ።

ሥራው ይህ ነው። በየአገሩ በፖስታ ሥዕል የሚለዋወጡ ሰዎች አሉ፤ ኤግዚቢሽናቸው ፖስታው ነው፣ ተመልካቻቸው ፖስተኛው ነው። ኦሞድ ከእነሱ ጋር ይጻጻፋል። ማህተሞቹን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ይቀርጻል። ለይስሙላ የሚሠራቸውን ቴምብሮች ጠርዝ የሚበሳው ቀፊራ ገበያ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው፤ መኪናውን ያለ ክር ወረቀቱ ላይ ያስኬደዋል፣ ሰፊው «መርፌዬን ዶለዶምከው» እያለ ይነጫነጫል። አንዱ ቴምብር ላይ ቆንጆ ጥቁር ሴት አለች፤ ዋጋው «አንድ ግን» ይላል። ጥቁር ግን ቆንጆ፣ ጥቁር ግን ጨዋ የምንለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሌላው የቀለም ሱቅ ካታሎግ የሚመስል ካርድ ነው፤ ቀይ፣ ብስል ቀይ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ እያለ ይወርድና በእያንዳንዱ አንጻር ሰውየው ሠርግ ቤት ስንተኛው ረድፍ ላይ እንደሚቀመጥ ይናገራል። ለፈረንጆቹ የሚልከው ደግሞ የትእዛዝ ቅጽ ነው፤ «አፍሪካዊ ይምረጡ፦ የተራበ፣ የሚሮጥ፣ ጦር የያዘ። ደብዳቤ የሚጽፍ ለጊዜው የለንም።» እጄን አፌ ላይ ጭኜ ነበር የማየው። ስድብን ወስዶ የተሳዳቢው እጅ ላይ መልሶ ማስቀመጥ የሚችል ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

የመጨረሻው ኃላፊዬ ግን አልሳቀም። «ሐሰተኛ ቴምብር ነው፣ ይያዝ» አለ። ፖስታውን ገልብጬ አሳየሁት። ዋጋው የተከፈለበት እውነተኛው ቴምብር በቀኝ ጥግ አለ፤ በግራ ያለው ሥዕል ነው፣ ማንንም አላጭበረበረም። ኃላፊው እያጉረመረመ ተወው። ኦሞድም በበኩሉ የቀን ማህተሙን ግማሹን በእሱ ቴምብር ላይ እንድመታለት ለመነኝ። ማህተም የሚመታው በተከፈለበት ላይ ብቻ ነው ብዬ እምቢ አልኩት። ደስ አለው እንጂ አልተቀየመም። ለሚያውቀው ሁሉ «ማህተሟን የማታበድር ሴት» እያለ ያስተዋውቀኝ ነበር።

ወደ ጥፋቴ ልግባ።

አንድ ረፋድ መስኮቴ ፊት ሰልፍ አለ፣ ኦሞድ ሦስተኛ ነው። ከኋላው የመጣ ዘናጭ ሰውዬ የያዘውን ጥቅል ኦሞድ ክንድ ላይ አስቀመጠና መኪናው ድረስ እንዲሸከምለት አዘዘው። ኦሞድ ጥቅሉን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ሰውዬው ያን ሁላችን የምናውቀውን ስድብ ተናገረ። በሰልፉ ካሉት አንድ ሰው አልተነፈሰም፣ እኔም አልተነፈስኩም። ኦሞድ ተራው ሲደርስ ቴምብሩን ገዛ፣ ለጥፎ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ከረጢት ስፈታ አንድ ፖስትካርድ ሥዕሉ ወደ ላይ ሆኖ ወደቀ። መገልበጥ ነበረብኝ፣ አየሁት። ከረባት ያሰረ ዝንጀሮ ነው፤ እንደ መታወቂያ ፎቶ ፊት ለፊት ተስሎ፣ ከሥሩ በማላውቀው ቋንቋ ጥቂት መስመር። ከብራዚል ነው፣ የተላከው ለኦሞድ ነው። ደሜ ፈላ። ያን ቀን ያልተናገርኩትን አሁን እናገራለሁ አልኩ። «ተመላሽ» የሚለውን ማህተም አነሳሁ። የአድራሻው በኩል በቴምብርና በጽሑፍ ጢም ብሏል፤ ገልበጥ ሳደርገው ከዝንጀሮው ሥር በመስመር የታጠረ አንድ ባዶ ሳጥን አለ። ትንፋሼን ይዤ አንዴ መታሁ። ጥርት ያለ ነበር። ከጎኑ ፈረምኩበት፣ ተቀባዩ አይታወቅም ብዬ ወደ ወጪ ከረጢት ጣልኩት። ከረጢቱ ከሰዓት በኋላ ሄደ። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ደስ ብሎኝ ነው።

በሳምንቱ ኦሞድ መጥቶ ከብራዚል ካርድ መድረሱን ጠየቀኝ። ለአሥራ ሁለት ሰዎች ጽፎ ኖሯል፤ አይታችሁኝ አታውቁም፣ ስለ እኔ ዓይነቱ ሰው የተነገራችሁን ሳሉና መልሱልኝ ብሎ። አሥራ አንዱ በፖስታ ታሽገው ገብተዋል፣ እኔው ነኝ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀመጥኳቸው። የቀረችው አንዲት አሮጊት ሰዓሊ ናት፤ ከሁሉም የሚያከብራት እሷን ነው። ካርዷ እንደደረሰ አሥራ ሁለቱን ሰቅሎ ኤግዚቢሽን ይከፍታል፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ አዳራሽም በልመና አግኝቷል።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ምላሴ ግን «አልመጣም» አለች። ደጋግሞ ጠየቀኝ፣ ደጋግሜ ዋሸሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ጥፋቱን አዲስ አበባ ላይ፣ አውሮፕላኑ ላይ፣ ብራዚል ላይ አላከክኩ። እሱ ኤግዚቢሽኑን ሁለት ጊዜ አዘገየ። የአዳራሹ ባለቤት ቤቱን ለጎማ መጋዘን ሊያከራየው እንደሆነ ነገረው። ማህተሟን የማታበድር የተባልኩት ሴት የሰው ደብዳቤ በልቼ መቀመጤ እህል አላስበላኝ አለ። አው ዩስፍን በአግዳሚያቸው ላይ፣ አንድ ሠራተኛ ለሰው በጎ አስቦ ደብዳቤ ቢያስቀር ምን ይባላል ብዬ ጠየቅኋቸው። «ደብዳቤው የማን ነው?» አሉኝ። ወደ መስኮቴ ተመለስኩ።

ጡረታዬ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከብራዚል የአደራ ደብዳቤ መጣ። ለኦሞድ ነው። ፖስታውን ስዳስሰው ውስጡ ያለው ወፍራም ካርድ ያው ካርድ መሆኑን ጣቶቼ አወቁት። ፊርማዬ በውስጡ አለ። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ከዚያ በፊት አንዴ መልሼዋለሁና ሁለተኛ ብመልሰው ማንም አያውቅም፤ መጠበቅ ያለብኝ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፣ ስሜ ንጹህ ሆኖ እወጣለሁ። ይህን አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ብዙ ደቂቃ አስቤዋለሁ። ከዚያ ሄጄ እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩና የጥሪ ወረቀቱን ጻፍኩ።

ኦሞድ በዚያው ቀን በባጃጅ እየከነፈ መጣ። መዝገቡ ላይ ፈረመ፣ ፖስታውን እዚያው ከፈተ። ስልኩን አውጥቶ ከካርዱ ሥር ያለውን ጽሑፍ አስተረጎመው። ጽሑፉ፣ ይህ ምስል የባለ አድራሻው መሆኑን ያረጋገጠው ባለሥልጣን ማህተምና ፊርማውን እዚህ ያኑር ይላል። ማህተሜ የሳጥኑን መስመር ሳይነካ ልክ መሃል አርፏል። አሮጊቷ ደስታዋን አልቻለችውም፤ ካርዱ እንደዚህ ይጠናቀቃል ብላ በሕልሟም እንዳላሰበች፣ ባለሥልጣኑን እንዴት አግኝቶ እንዳስፈረመው እንዲነግራት ጽፋለች። ኦሞድ ከት ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ፊርማውን አየ፣ አሁን የፈረመበት መዝገብ ላይ የአስረካቢዋን ፊርማ አየ፣ ሳቁ ቆመ።

«እትዬ ሮማን፣ ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አልኩት። የሰደበህ መስሎኝ ነው፣ እንዳታይ ብዬ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ፈርቼ ዋሸሁህ አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት።

ካርዱን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። «ሥዕሉ ላይ ስሜ የለም። ዝንጀሮና ከረባት ነው። ስታዪው ማን መሰለሽ?»

«አንተ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፣ ካርዱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ወጣ። ስወደው የኖርኩትን ሰው በዚያች አንዲት ቃል የገደልኩት መሰለኝ። ሰዳቢውን ሰውዬ ስጠላ ሰንብቼ፣ እሱ በአፉ ያለውን እኔ በማህተም ማለቴን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ሦስት ቀን አልመጣም። በአራተኛው ቀን መጣና እንደ ልማዱ ቴምብር ጠየቀኝ። ከዚያ አሥራ አንዱ ሰዎች እንደቀለዱለት፣ እሱም እንደሳቀ፣ አሮጊቷ ግን ቀልዱን ሳትጨርስ ክፍት ትታ እንደላከችው ነገረኝ። «የጨረስሽው አንቺ ነሽ። ካርዱን አዳራሹ ውስጥ መስቀሌ አይቀርም። ስምሽን ልጻፍ ወይስ አንድ ሠራተኛ ልበል?» አለኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ አላየሁም፣ ይቅርታም አልለገሰኝም። እየጠየቀኝ ነበር። የጡረታ ሽኝቴን፣ ጎረቤቶቼን፣ ኃላፊዬን አሰብኩ።

«ሙሉ ስሜን ከነሥራዬ ጻፍ» አልኩት።

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው እኔ ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሰው በአሥራ አንዱ ካርዶች ፊት ሆዱን ይዞ ይስቃል። አሥራ ሁለተኛው ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ይስቅና፣ የአማርኛውን ትርጉም አንብቦ፣ ማህተሙ እውነተኛ መሆኑን አይቶ፣ ፊርማው የማን እንደሆነ ይጠይቃል። እኔ ከጎኑ ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ፊርማው የእኔ ነው እላለሁ። አንዳንዱ ይቆጣኛል፣ አንዳንዱ እኔም እንደዚያው ባደረግሁ ነበር ብሎ በሹክሹክታ ነግሮኝ ይሄዳል።

በሦስተኛው ቀን አው ዩስፍ በዘንጋቸው መጡ። ኦሞድ ካርዱን ከመስታወቱ አውጥቶ እጃቸው ላይ አኖረላቸው። ዓይናቸው ሥዕሉን አይለይም። በአውራ ጣታቸው ማህተሙን ዳሰሱ። «አንዴ ነው የተመታው። ባዶ ቦታም አግኝቷል» አሉ።

«እኔ ነኝ የመታሁት» አልኩና ምን እንደተሳለበት፣ ምን እንዳደረግሁ ነገርኳቸው። ካርዱን ለኦሞድ መለሱለትና ወንበሬ ላይ ተቀመጡ።

«ፖስትካርድ ለምን እንደምገለብጥ ጠይቀሽኝ ነበር።»

«ደብዳቤ ባለቤት አለው ብለውኛል።»

«እሱ ለአለቃ የሚነገረው ነው» አሉ። «ወጣት ሳለሁ አንዱን አየሁና አስቀረሁ። እኔም በጎ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን አምኜው አላውቅም።»

ሠላሳ ዓመት ጨዋነት ነው ያልኩት ነገር ይህ ኖሯል። አሁን ከበፊቱ ይልቅ አከበርኳቸው። ኦሞድ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ አንድ ባዶ ካርድና እርሳስ አምጥቶ «ያን ያስቀሩትን እዚህ ይሳሉት» ብሎ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠ። አው ዩስፍ ካርዱን በጣታቸው ዳር ዳሩን ዳሰሱት፣ ባዶ መሆኑን አረጋገጡ፣ ከዚያ እጃቸውን የሚታጠቡበት ውሃ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ።